የቀየርነው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው

«ሰውየው በራሱ አፍ ‹ፔኒሲሊን አይስማማኝም› ባይለኝ ኖሮ ወግቼው ነበር!» አለች ነርሷ በስልክ። «ኮምፒውተሩ ላይ የአለርጂው ቦታ ባዶ ነው። እኔው ራሴ ሞልቼው ነበር እኮ!»

ፕሮግራመሯ ክው አለች። ክሊኒኮቹ የበሽተኞቻቸውን መረጃ የሚያስቀምጡበትን አገልግሎት የጻፈችው እሷ ናት።

«እህቴ፣ መረጃው ላይ ዛሬ የነካችሁት ነገር አለ?»

«ምንም። ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ቁጥሩን ቀየረችለት፤ በቃ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ኮዱን ከፍታ ስታየው፣ መረጃ ለማደስ የሚላከው ትእዛዝ ፑት ነው። ፑት ደግሞ አሮጌውን መረጃ እንዳለ አንስቶ በመጣለት አዲስ ይተካል፤ የተቀየረውን ብቻ ነክቶ ሌላውን የሚተወው ፓች ነው። ድሮ ክሊኒኮቹ መረጃ የሚሞሉበት ገጽ ሁሉንም አሟልቶ ስለሚልክ ፑት ችግር አልነበረውም። ትናንት የለቀቁት አዲሱ ገጽ ግን የተቀየረውን ብቻ ይልካል። ስልክ ቁጥሩ ብቻውን ሲደርስ ሌላው ሁሉ ተጠርጓል። የዚህ ሰውዬ ብቻ ሳይሆን፣ ከትናንት ወዲህ አድራሻም ሆነ ስልክ የቀየረ በሽተኛ ሁሉ!

እየሮጠች ሄዳ አለቃዋን ከስብሰባ አስጠራችው። ውስጥ አገልግሎቱን ሊገዙ የመጡ የሆስፒታል ኃላፊዎች አሠራሩን በስክሪን እያዩ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ እንዝጋው። የሰው መረጃ እያጠፋን ነው።»

«አብደሻል እንዴ? እንግዶቹ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው! እነሱን ልሸኝና ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።»

«እስከዚያ አንዱ ቢወጋስ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ» ብሎ በሩን ዘጋባት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ባሏ ሥራ ከፈታ ሰንብቷል፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። አዲሱ ገጽ ከመለቀቁ በፊት የነበረው መረጃ ቅጂ ስላለው የጠፋውን መመለስ ይቻላል። ነገር ግን መርፌ ቅጂ እስኪመለስ አይጠብቅም።

አገልግሎቱን ዘጋችው።

ከስብሰባው ክፍል ጉርምርምታ ተሰማ፤ ወንበር ተገፋ። እሷ ግን የመጀመሪያውን ክሊኒክ ደውላ አግኝታለች።

«ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ፣ ለማንም መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት አለርጂ እንዳለበት ራሱን ጠይቁት። ኮምፒውተሩን አትመኑ፤ ጥፋቱ የኛ ነው።»

አለቃዋ ፊቱ ደም መስሎ ከአጠገቧ ቆመ። ቀና ብላ አየችውና የሁለተኛውን ክሊኒክ ቁጥር መታች።