የነጋሽ ማዕዘን

ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስለቅም ውዬ ወገቤ ቁርጥ እያለ አሰበ ተፈሪ እቤታችን እደርሳለሁ። እማዬ ደጁ ላይ ሦስት ዱላ ይዛ ትጠብቀኛለች። የሰው እናት ውሃ ይዛ ትጠብቃለች፤ የእኔዋ ዱላ።

ጨዋታው የወንድሜ የነጋሽ ነው። ከገለምሶ ካመጣው የቡና እንጨት ክንድ ክንድ የሚያህሉ አራት ዱላዎች ልጦ አለሰለሰና ግቢያችን ውስጥ በአራት ማዕዘን ቆምን፤ እሱ፣ እማዬ፣ ጎረቤታችን ጣሂራና እኔ። "በሉ!" ሲባል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዱላችንን በስተቀኝ ላለው ወርውረን፣ ከግራ የመጣውን እንቀልባለን። አሸናፊ የለም፤ ዱላ ሳይወድቅ መቶ ውርወራ መድረስ ነው ግባችን። አንድ ዱላ ከወደቀ ሁላችንም ከአንድ እንጀምራለን። ነጋሽ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ሰማንያ ሰባት ደርሰን ነበር። "መቶውን ስመለስ" ብሎን ሄደ።

ይኸው ሦስት ዓመቱ። ደብዳቤው ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እማዬ ግን ማዕዘኑን ለማንም አልሰጠችም። ድሮ እኔ ለነጋሽ፣ ነጋሽ ለእሷ ነበር የሚወረውረው፤ አሁን ባዶውን ቦታ አሻግሬ ለእሷ መወርወር የእኔ ዕዳ ሆነ። ትከሻዬ አለቀ። "በቃኝ" ማለት ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ተስፋዋን ብገድልባትስ? ይባስ ብዬ፣ ቆጠራው ዘጠናን ሲያልፍ ሆን ብዬ እጥላለሁ። መቶው የእሱ ነዋ! እማዬ "አይዞሽ" ትለኛለች፣ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።

አንድ ሐሙስ ጣሂራ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችኝ። በደሳ ከተማ ልትዳር ነው፤ በሳምንቱ ትሄዳለች።

"ለእማማ አዳነች አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ወላሂ አልችልም" አለችኝ።

"እኔስ ከብረት ነው የተሠራሁት?" አልኳት ተናድጄ።

አብረን ወደ ቤት መጣን። እማዬ ዱላዎቹን ስትዘረጋልን ግን አመለጠኝ፦ "ጣሂራ ልታገባ ነው።"

እማዬ ጣሂራን አገላብጣ ሳመቻት፣ መረቀቻት። ከዚያ "እንግዲያው የመግሪብ ሶላት ሳይደርስባት መቶውን ዛሬ እንጨርሰው" አለች።

ዘጠና ሁለት ላይ እጄ እንደ ልማዱ ጣለው።

"የሺ" አለች እማዬ። ድምጿ ቁጣ የለበትም። "ሦስት ዓመት ሙሉ ሆን ብለሽ ስትጥዪ የማላይ መሰለሽ? እኔ እኮ የምጫወተው አንቺ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነው። ክንዴማ ካለቀ ቆየ።"

ጣሂራ መሬት መሬት እያየች፣ "እኔም ለእናንተ ብዬ ነው" አለች።

ለካ ሦስት የደከምን ሰዎች፣ አንዳችን ለአንዳችን እያዘንን፣ እርስ በርስ ስንደካከም ኖረናል። መሳቅ ፈልጌ አለቀስኩ።

ከአንድ ጀመርን። ሰማንያ ሰባት። ዘጠና ሁለት። ዘጠና ዘጠኝ።

"በሉ!" አለች እማዬ።

ሦስት ዓመት ያሻገርኩትን ዱላ ያን ጊዜ አላሻገርኩትም። ድሮ ለነጋሽ እንደምወረውርለት፣ ቀስ አድርጌ፣ በደረቱ ልክ ወረወርኩት። እማዬም እጇን አልዘረጋችም። ዱላው ማዕዘኑ ላይ ወደቀ፣ ትንሽ ተንከባለለና ቆመ።

ከአንድ እንጀምር ያለ የለም። እማዬ ዱላውን ብዙ አየችው።

"መቶ" አለች።