የገባሁበትን በር ስዘጋ

እናቴ «ቅብጥብጥ» ትለኛለች፤ ውሸቷን አይደለም። ወንበር ላይ ስቀመጥ እንኳ እግሬ ብቻውን ይሄዳል። የኔትወርክ የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፍኬቴን ይዤ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። የሄድኩበት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ልምድ አለሽ? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ማንም ሳይቀጥረኝ ልምዱ ከየት ይምጣ፣ ከሰማይ ይዝነብ?

የታላቅ ወንድሜ ትዕግስት አልቋል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ገንዘብ ተቀባዩ ስለለቀቀበት፣ ሰኞ ቦታው ያንቺ ነው፣ ያንን ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ስቀዪውና ነይ ብሎኛል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያስብልኛል። ግን አንዴ ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ከገባሁ እንደማልወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ የዓርቡ ፈተና የመጨረሻዬ ነበር።

ፈተናው አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። የኔትወርክ ክፍሉን ኃላፊ ሁሉም «ሻለቃ» ይሏቸዋል። ውትድርና ገብተው አያውቁም አሉ፤ አነጋገራቸው ነው ማዕረጉን ያሰጣቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ ላፕቶፕ ፊት አስቀመጡኝና ሥራውን ነገሩኝ። ምድር ቤት፣ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ስዊች አለ፤ ኮምፒውተሮችን በገመድ እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን ማለት ነው። ለፈተና ብቻ የተቀመጠ ነው። ገመድ ያልተሰካባቸውን ቀዳዳዎች እኔ ካለሁበት ሆኜ በትዕዛዝ መዝጋት አለብኝ። እሳቸው ታች እንደሚሆኑ፣ ችግር ካለ እንድደውል ነግረውኝ ጉልበታቸውን እያሹ ወረዱ።

ይሄንንማ ቤቴ ስንቴ ተለማምጄዋለሁ። እግሬ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ጣቴ ከእግሬ ይፈጥናል። የትኛው ቀዳዳ እንደተሰካበት አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ማን ይታገሣል? የታችኛውን ረድፍ በሙሉ በአንድ ትዕዛዝ ጠረቀምኩት።

ስክሪኑ ቀጥ አለ። ይሄንን ብጫን፣ ያንን ብጫን፣ መልስ የለም። ከዚያ ገባኝና ክው አልኩ። እኔ ራሴ ወደ ሳጥኑ የምገባበት ገመድ የተሰካው እዚያው ረድፍ መጨረሻ ላይ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የምለቅምበትንም እጅ ቆርጬዋለሁ።

መሣሪያው በራሱ ጠፋ ብል ማን ያውቃል? ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዋሸ ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ስልኩን አነሳሁት።

«ጋሼ፣ የገባሁበትን በር ራሴ ዘጋሁት።»

ወንድሜ ሱቅ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ መልስ ስቆጥር ታየኝ።

«ሴቭ አድርገሻል?»

«አላደረግኩም።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁም። «ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው መልሰው ይሰኩልኝ። ሴቭ ያላደረግኩትን ይረሳዋል፤ እንደነበረው ይነሳል።»

እስኪነሳ ድረስ ክፍሉን እየተመላለስኩ በእግሬ ጨረስኩት። ሲነሳ ግን ተቀመጥኩ። ቀዳዳዎቹን ጮክ ብዬ እየጠራሁ አንድ በአንድ አየሁ፤ የራሴን ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ያልተሰካባቸውን ብቻ ዘጋሁና ሴቭ አደረግኩ።

ሻለቃ እያለከለኩ መጡ። ጉልበቴን ጨረስሽው እያሉ ሲያጉረመርሙ ቆዩና፣ ከእኔ በፊት የተፈተነው ልጅም ያንኑ በር ራሱ ላይ እንደዘጋው ነገሩኝ። መሣሪያችሁ ብልሹ ነው ብሏቸው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። ያውም የሚያምር የልምድ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ነው።

ዝም ብል ምን ነበረበት? እንደ ጅል «እኔ እኮ ልምድ የለኝም» አልኳቸው።

«አሁንማ አለሽ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «አንድ ጊዜ አበላሽተሻል። ሰኞ ጠዋት ነይ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መቆም ስላቃተኝ እየሄድኩ ለወንድሜ ደወልኩና ሌላ ገንዘብ ተቀባይ እንዲፈልግ ነገርኩት። ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ያለ ልምድ እንዴት ሊወስዱሽ ቻሉ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

«ልምድ አለኝ» አልኩት፣ እንባዬ ያኔ መጣ።