የአማት አረም

ፀጉር አስተካካዩ አማቱ አንድ ቀን «ልጄ» እንዲሉት ከልቡ ይመኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አብረውት እየኖሩ እንኳ «ሰውዬው» ከማለት ፈቀቅ ብለው አያውቁም። «ሰውዬው መጣ?» «ሰውዬው በላ?» ይላሉ፣ ያውም ፊታቸው ቆሞ!

የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ሲገቡ ግን መስኮቱ ላይ ያለችውን ጣሳ አደራ ሰጡት። «ሰውዬው ውሃ ያጠጣልኝ» አሉ። «እድሌ መጣች» ብሎ ደስ አለው።

ጣሳው ውስጥ ያለችው የመንገድ ዳር አረም ናት፤ ቢጫ አበባ ቢጤ ጫፏ ላይ የሸጎጠች፣ ስትደርቅ እንደ ጥጥ የምትበን። እሱ ደግሞ ያለቦታው የበቀለ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ይህችን አረም በየማለዳው በአሮጌ ምላጭ ከሱቁ ደጃፍ ይፍቃታል፤ የጎረቤት ደጃፍም አይቀረው። «ምስኪን፣ ዓይናቸው ደክሞ አረም ሲያጠጡ ኖረዋል» ብሎ አዘነላቸው። ነቅሎ ጣላትና ጽጌረዳ ተከለ።

ሚስቱ ጽጌረዳውን እንዳየች ሱቁ ድረስ እየሮጠች መጣች።

«ምን ጉድ ነው የሠራኸው? አረም መሆኗን እማዬ አጥታው ነው? የተከለችው ሁሉ ሲደርቅባት፣ ማንም ሳይዘራት መጥታ የቀረችላት እሷ ብቻ ናት! አሁን ደግሞ ከሆስፒታል ልትወጣ ነው!»

የተነቀለችውን የቆሻሻ መኪና ወስዷታል። ፀጉር አስተካካዩ ጋዋኑን ሳያወልቅ ወጣ። በሱቁ ደጃፍ የለችም፤ በዳቦ ቤቱም፣ በመድኃኒት ቤቱም የለችም። መንገዱ በገዛ ምላጩ ሙልጭ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው ጥራት ተናደደ።

ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ የተተወው ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ምን ጠፋብህ?» አለው።

«አረም!» ብሎት እየዳኸ አለፈ።

በመጨረሻ ከቦይ ክዳን ሥር ምላጩ ያልደረሰባት አንዲት አገኘ። ከነሥሯ እስኪያወጣት ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ።

አማቱ ገብተው በአዲሱ ዓይናቸው ጣሳዋን አዩ። ቀጥለው ጭቃ የሞላውን ጥፍሩን፣ የተቀደደውን ሱሪውን፣ ከመጋረጃው ጀርባ የተሸጎጠውን ጽጌረዳ አዩ።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ።

እሱን ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እኮ…»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነክሰው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ሐኪሙ ዓይንሽን እንዳታረጥቢ ብሎኛል!» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ለልጄ ሱሪ አምጪለት እንጂ!»

ፀጉር አስተካካዩ ማን እንደመጣ ለማየት ወደ በሩ ዞረ።