የቁም ተዝካሩ ሰንጋ

የኔታ ቂርቆስ በቆሎውን በአውራ ጣታቸው እየፈለፈሉ እንቅቡ ውስጥ ያንጠባጥባሉ። ልጃቸው ትሕትና አጠገባቸው ተቀምጣ ታነብላቸዋለች። መጽሐፉን የተዋሰችው ፍኖተ ሰላም ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ሀብት ስለ ማፍራትና ስለ ዕለት ተዕለት ሒሳብ ይናገራል። ማንኩሳ በመጣች ቁጥር አንድ ምዕራፍ ታነብላቸዋለች። የኔታ ቁጥር ይወዳሉ፤ ያረጁት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን በጣታቸው አንጓ ሲያወጡ ነው። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው መለየት ትተዋል።

ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይድናል ብሏል። ለሕክምናው የሚሆን ነገር ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ አለ፤ ለቁም ተዝካራቸው የሚቀለበው ሰንጋ። «አገሩን በቁሜ አብልቼ ልሙት» ብለው እንደ ልጅ አሞላቀውታል። ትሕትና «ይሸጥ» ለማለት አፏ አልደፈረም። መጽሐፉ እንዲልላት ነበር ተስፋዋ።

«ገንዘብ በዓመት ዘጠኝ በመቶ እየወለደ ቢሄድ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል? ሰባ ሁለትን ለዘጠኝ አካፍል» ብላ አነበበች።

የኔታ በቆሎውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። አውራ ጣታቸው አንጓ ለአንጓ ተራመደ።

«ምንም!» አሉ። «ኧረ ይኸ መጽሐፍሽስ አይረባም።»

«ስምንት ዓመት ነው እኮ፣ አባ።»

«ስምንቱንማ ገደፍሁት። የተረፈ አለ? የለም።»

ትሕትና ሳቀች። «በባሕረ ሐሳብ ድርሻው ይጣላል፣ ትራፊው ይያዛል። እዚህ የሚያዘው ድርሻው ነው።»

«አየ! በስተርጅና የቆሎ ተማሪ አረግሽኝ።» ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ለመሆኑ ቆሞ ስለሚበላ ሰንጋ ምን ይላል?»

ትሕትና ደነገጠች። ገጹን አገላበጠችና መጽሐፉን ዘጋችው።

«እሱ አይልም። እኔ ነኝ የምለው። ይሸጥና ይታከሙ፣ አባ። ከመጣሁ ጀምሮ ጠጉሬን ምን ዓይነት እንደ ተሠራሁ እንኳ አላዩልኝም።»

የኔታ እጃቸውን ሰደው ሹሩባዋን ዳሰሱ።

«አገሩ ምን ይለኛል? ቂርቆስ ተዝካሩን ሸጠ ነው የሚለው።»

«ይበል። እርስዎም ዓይንዎ ሲድን ማን እንዳለው ያዩታል።»

«አፍሽ! ቁርጥ የናትሽን!» ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲያ ለጎረቤታችን ለክንዱ ንገሪው፤ በገበያው ቀን ቡሬ ይንዳው። ለተዝካሬም ከዚችው በቆሎ ንፍሮ ትቀቅይልኛለሽ።»

«ንፍሮውን ሲድኑ አብረን እንበላዋለን።»

የኔታ ጭናቸው ላይ የቀረውን በቆሎ አንሥተው እስከ ጫፉ ፈለፈሉ። ትሕትና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከላይ ከላይ ለቀመችና እንቅቡን በሰፌድ ከድና ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።