የጠረግኳቸው ሰባት ሳምንታት

በሽታው የገባ ሰሞን ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ «ሀብታም ድሃ አይለይም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ በሽታው አይለይም። «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ነገር ግን ይለያል። መምህራኑ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ጸሐፊዋም ቤቷ ተቀመጠች። ዘበኛውና እኔ፣ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ «እናንተ ግን ኑ» ተባልን። በሽታው ዘመዳችን ነው እንዴ? አላጉረመረምኩም አልልም፤ አጉረምርሜያለሁ። ግን ስንቱ ጎረቤቴ ከሥራ ሲሰናበት የኔ ደመወዝ አልተቋረጠምና ተመስገን ብዬ ባልዲዬን አነሳሁ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ እኔና ልጄ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ። ስልኩ ይደውላል፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አታስቸግሩኝ ባይ ነው። ልጄ እኔው በማጸዳበት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና አለ፤ የወደቀ ዘጠነኛን አያይም። ትምህርቱ ደግሞ በስልክ ይላካል ተባለ፤ ምስል በሚያሳየው ስልክ። መጀመሪያ ሰሞን ከጎረቤታችን ከፋርማሲስቷ ልጅ ስልክ ላይ ትገለብጥ ነበር። አንድ ቀን እናትየው ከበሩ ጀርባ ሆና «የኔ ልጅ፣ ጊዜው አይደለም፣ ርቀት ጠብቂ» አለቻት። አልፈረድኩባትም፤ እኔስ ብሆን? ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሯን ገልጣ ባዶውን ገጽ ታይ ጀመር። ማታ «እማዬ፣ ብወድቅስ?» ስትለኝ ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ወለሉን በበረኪና፣ ወንበሩን በጨርቅ። መስኮት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይከፈት፣ አየር ይግባ ተብሏልና እከፍታለሁ። የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ግን ነገር ፈለገኝ። በየጠዋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎበት አገኘዋለሁ! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥርና ፊደል ተደባልቆ ድመት የቧጠጠችው ይመስለኛል። ተማሪ በሌለበት ጠመኔ የሚያባክነው ማነው እያልኩ፣ ዘበኛውን በልቤ እየረገምኩ፣ መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎ በእርጥቡ፣ መልሼ በደረቁ እጠርገዋለሁ። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሰሌዳ አልታማም።

በሰባተኛው ሳምንት ወገቤን አመመኝና ልጄ ውሃ ልትቀዳልኝ አብራኝ መጣች። ገና ግማሹን እንደጠረግኩ ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ፣ ተይ! ተይ አልኩሽ!»

«ምነው? እባብ አየሽ?»

«ይሄ እኮ የሂሳብ ትምህርታችን ነው! የመምህር ይሰመርበት ጽሑፍ ነው፣ አወቅኩት!»

ይሰመርበት ተማሪዎች ለሂሳብ መምህራቸው ያወጡለት ስም ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ «ይሰመርበት!» ሳይል አያልፍም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ልጄ በሰው በር የለመነችውን ትምህርት ሰባት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ ስጠርግ ነው የከረምኩት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ደረስኩ። መምህሩ ስልኩን በወንበር ላይ ወንበር ደራርቦ አቁሞ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስተምራል። እስኪጨርስ ጠበቅኩና ሁሉንም ነገርኩት። እንባዬ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ አያልቅሱ» አለኝ። «ቤቴ ሦስት ልጅ ይጮኻል፣ ሰሌዳም የለኝ። እርስዎ ሳይመጡ ማለዳ እዚህ እቀርጽና እልካለሁ። በየጠዋቱ ሰሌዳውን እንደ መስታወት ሳገኘው ምን ያህል እንዳመሰገንኩዎት! እርስዎ ምን ያጠፉት አለ? ሃምሳ ስምንት ተማሪ አለኝ፣ የሚከታተሉት ሃያ ሦስት ናቸው። የቀሩትን ሰነፎች ብዬ ለርዕሰ መምህርቷ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ስልክ አላችሁ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።»

በመስኮቱ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች አየ። «ስንት ክፍል ነው ባዶ ያለው?»

«ሁሉም» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ሰባቱን የጠፉ ሳምንታት አሳጥሮ በሰባት ክፍል ሰሌዳ ላይ ጻፋቸው፤ የየዕለቱ ደግሞ በስምንተኛ ክፍል። እኔ መስኮቶቹን በረገድኩ፤ ከየመስኮቱ ውጪ እርምጃ እየለካሁ ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ አንድ ልጅ በአንድ ድንጋይ። መጀመሪያ ልጄ ብቻዋን ቆማ ገለበጠች። ቀጥሎ የጫማ ጠጋኙ ልጅ፣ ቀጥሎ የተሸካሚው መንትዮች፣ በመጨረሻ አሥራ አራት ሆኑ። መምህሩ ጭምብሉን አድርጎ በመስኮት እየዞረ «ይሰመርበት!» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህርቷ መጣች።

«ተማሪ ክፍል እንዳይገባ ተብሎ አልነበረም?»

«አንድም የገባ የለም። መስኮት ክፈቺ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ከፈትኩ።»

ልጆቹን አየች፣ ድንጋዮቹን አየች። «ጠመኔ አለ?» አለችኝ።

«እያለቀ ነው።»

በማግስቱ ባልዲዬ ውስጥ ሁለት ፓኮ ጠመኔ አገኘሁ። እስከ ዛሬ ስለ ጉዳዩ አላነሳችብኝም። እኔ ግን በጸሎቴ አነሳታለሁ።

የቀሩት ልጆች አልመጡም። አንዳንዱ ሸክም ገብቶ ነበር፣ አንዳንዷ ሰው ቤት ተቀጥራ። መምህሩ በየቤታቸው ዞሮ ጠርቷቸዋል፤ ረፍዶ ነበር። እነሱን ሳስብ ደስታዬ ይጎድላል፤ ቢሆንም ምስጋናዬን አልተውም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ለኛ ድግሱ ሰሌዳ ነበር።

ልጄ አለፈች። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሁለቱ አለፉ።

ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲል ሰሌዳዎቹ ይጽዱ ተባለ። ጨርቁን ይዤ የመጀመሪያው ክፍል ገባሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለ። ልጄ ተከትላኝ ገብታ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይሄን ችዬዋለሁ፣ ጥረጊው» አለችኝ።

ጠረግኩት። ሁለተኛው ክፍል ገባን። «ይሄንንም ችዬዋለሁ።» ጠረግኩት። እንዲህ እያለን፣ እሷ እያነበበች እኔ እየጠረግኩ፣ ሰባተኛው ክፍል ደረስን። እዚያ አንዲት ጥያቄ ፊት ለፊት ቆማ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ ይቆይ» አለች። «ፈተናው ላይ ተሳስቼዋለሁ። ነገ መምህሬን እጠይቀዋለሁ።»

ዙሪያውን ጠረግኩና እሱን ተውኩት። በሃያ ዓመት ሥራዬ ሳልጨርስ የወጣሁት ሰሌዳ ያ ብቻ ነው።