ከቡናው ጋር የታደለው ደብዳቤ

«ለቅሶ ቤት ወረቀት ይታደላል እንዴ?» አሉ አክስት ማርተ፣ ከቡናው ጋር የቀረበላቸውን ፖስታ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው።

«ክራይን ያዘዘው ነው፣ አክስቴ» አለች ኔልቼ።

ወንድሟ ክራይን ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንደ መንደራችን ወግ አስከሬኑ እዚያው ቤቱ፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተጋድሟል። ለቅሶ ደራሹ ገብቶ ያየዋል፣ ቡናውን በአንድ ቁራጭ ኬክ ይጠጣል፣ ስለ ቱሊፕ አበባውና ስለ ንፋሱ አውርቶ ይሄዳል። ሁለተኛ ቁራጭ የሚያነሳ የለም፤ ያስወራል።

ደብዳቤው የሆስፒታል ነው። «በቤተሰባችሁ ለቆዳ ካንሰር የሚያጋልጥ ነገር ይወረሳል፤ ደማችሁን አስመርምሩ፣ ቆዳችሁን በየዓመቱ አሳዩ» ይላል። ሆስፒታሉ በቀጥታ ለዘመድ አይልክም፤ ማደል የታማሚው ፈንታ ነው። ክራይን ከሁለት ዓመት በፊት የጀርባው ጥቁር ነጥብ ተቆርጦ ሲመረመር አራት ሚሊሜትር ጠልቆ ተገኘ። አንድ ሚሊሜትር ሳይሞላ የመጣ ሰው አብዛኛው ይድናል አሉት ሐኪሞቹ። የዚያኑ ሳምንት ደብዳቤዎቹን ለኔልቼ ሰጣት።

«አንቺ ምላስ አለሽ። እኔ አክስት ማርተን እፈራለሁ» ብሎ ሳቀ።

እሷም ፈራች። የማርተ የልጅ ልጅ ልታገባ ነበር፤ «ዘራቸው ካንሰር አለበት» ቢባልስ? ደግሞ በቤተሰቡ የቆዳ ነጥብ ኩራት ነው። አያታቸው «ነጥብ የሌለው የእኔ ዘር አይደለም» እያሉ የልጆቹን ጀርባ ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። ደብዳቤዎቹ መሳቢያ ውስጥ ከረሙ። ክራይን «ሰጠሻቸው?» ባላት ቁጥር «አዎ» ትለዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ኔልቼ የደበቀችው ግን የሰው ነው።

ታላቅ ወንድሟ ሌንደርት ፖስታውን ሳይከፍት ኪሱ ከተተ። ባለፈው በጋ ትከሻው ላይ አዲስ ነጥብ አይታበታለች። ተከትላው ወጥ ቤት ገባች።

«ሐኪም ጋ ሂድ፣ ሌንደርት።»

«የተጻፈ አይቀርም። ክራይንስ ሄዶ ምን አተረፈ?»

«ዘግይቶ ሄዶ ነዋ። ስማኝ፣ ይሄ ደብዳቤ ሁለት ዓመት እኔ ጋ ነበር። ፈርቼ ነው። እሱን ግን ሰጥቻቸዋለሁ አልኩት።»

ሌንደርት የያዘውን ስኒ አስቀመጠ።

«እሁድ እሁድ ስመጣ ‹ሄድክ?› ይለኝ ነበር። ‹የት?› ስለው ፊቱን ያዞርብኛል። አሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለ። «ለቃሉ ደንታ የሌለኝ መስሎት ነው የሞተው፣ ኔልቼ።»

«በእኔ ነው» አለች።

አልተቆጣትም። ወደ ፊተኛው ክፍል ገብቶ ክራይን አጠገብ ተቀመጠ፤ ኮቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን ከትከሻው ላይ አወረደ።

«እዪው» አላት።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። በእኛ መንደር ሬሳ ሳይወጣ መጋረጃ አይገለጥም። ኔልቼ ሄዳ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ መጋረጃውን እስከ ዳር ከፈተችው።