ያልጮሁት ሰዎች

ወልደ ሚካኤል አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ አምበር ከተማ ላይ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ቤቱ ጭር ሲልበት ልቦለድ ልጻፍ ብሎ ተነሣ። ታሪኩ የማን ይሁን? የማሬ። ማሬ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሃያ ዓመት በፊት የጎረቤት ልጅ ታሞ ሲሞት፣ ቡዳ ናት፣ እሷ ናት የበላችው ተባለና ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ከነልጆቿ አስለቀቃት።

ያችን ቀን የሚተርከው ምዕራፍ ግን አልሆን አለው። ሰዎቹን አስጮኻቸው፤ ዱላ አስያዛቸው፤ "ውጪ! እናቃጥልሻለን!" አሰኛቸው። አንብቦ ሲጨርስ ራሱም አልፈራም። ይኼማ የሰርግ ጭፈራ ነው እንጂ ምኑ ያስፈራል! ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደው። ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው እያለ ራሱን አታለለ።

አራተኛውን ሳይወደው ኮምፒውተር ላይ እንድትጽፍለት ተማሪው ለነበረችው ለሂዊ ሰጣት። የሰው ስም ቀይሬያለሁ፣ ማን ያውቀዋል ብሎ እኮ ነው፤ ሞኝ! አምበር ላይ ሸክላ ሠሪዋን በፈለገው ስም ቢጠራት ማን ይጠፋዋል? ሂዊ ለእናቷ አነበበችላት፤ እናቷ ለእድሩ ሰዎች አደረሰች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ዳኛ እንዳላማው አምስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የጫማቸውን ጭቃ ደጅ ላይ ጠርገው ገቡ፤ ጤናውን ጠየቁት፤ ስለ ዘንድሮው ጤፍ ተጨዋወቱ። ከዚያ እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መምህር፣ የመጣነው ለእርስዎው ብለን ነው። ብቻዎን ነዎት፤ ዕድሜም ገፍቷል። ነገ ቀባሪ ያስፈልግዎታል።"

ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጽሑፉን በስም ያነሣው እንኳ የለም። ተነሥተው ሲወጡ ወልደ ሚካኤል እስከ ደጅ ሸኛቸውና "እግዜር ይስጥልኝ" አላቸው።

በሩን ዘግቶ ቆመ። ማሬም ይህንኑ ነበር ያለችው። ያን ቀን ማንም አልጮኸባትም፤ ዱላ የያዘም አልነበረም። አንደበቱ የለሰለሰ ነው ተብሎ ተመርጦ ያነጋገራት ራሱ ወልደ ሚካኤል ነው። "ማርዬ፣ ላንቺና ለልጆችሽ ብለን ነው። ሰው ክፉ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስብሽ እኛም ደስ አይለንም" አላት። እግዜር ይስጥልኝ አለችው፤ ትንሹን አዝላ፣ ትልቋን አስከትላ የደጀኑን መንገድ ይዛ ሄደች። እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ መክሬ ሸኘኋት ሲል ኖረ። በልቦለዱ ውስጥ ሰው ሁሉ የጮኸውም ለዚህ ነው፤ ያስለቀቋት የሚጮኹ ሰዎች ከሆኑ እሱ እዚያ መሃል የለማ! አፈረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አይዞህ የሚለውም አልነበረም።

ጩኸቱን ሁሉ ሰርዞ ያን ቀን ራሱ ያላትን ቃል በቃል ጻፈ። የማሬን ስም መለሰላት፤ የራሱንም አልደበቀም። በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አነበበው። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ተነሡ። "ደህና ይዋሉ መምህር" እያሉት አለፉ፤ አግዳሚው ባዶውን ቀረ።

ወደ ኋላ የቀረው እንዳላማው ብቻ ነበር። ወልደ ሚካኤል ወረቀቱን እያጠፈ ጠየቀው።

"እንግዲህ እኔን ማን ይቀብረኛል፣ እንዳላማው?"

እንዳላማው ትከሻውን በቀስታ ዳበስ አደረገለት።

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ መምህር" አለው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አለስልሶ ያናገረው ሰው አልነበረም።